ባለቤት የሌላቸው እጆች

ይህ የሆነ ነገር ነው።

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን አንድ ቃል አልጨመርኩበትም፤ አንድ ቃልም አልቀነስኩበትም።

አሁን ቅዳሜ ነው፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ። ኖቲንግሃም፣ ቤቴ ውስጥ፣ ከኋላ ባለችው ትንሽ ክፍል ተቀምጫለሁ። ውጭ ያካፋል። መብራት አብርቻለሁ፤ በኅዳር እዚህ አገር ቀኑ ገና በወጉ ሳይነጋ ነው ተመልሶ የሚመሸው።

ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ መጨረስ አለብኝ።

ለምን እንደሆነ ስትደርሱበት ታውቁታላችሁ...

የቻናሉ የቆየ ሰው ያውቀኛል። ዛሬ ለገባችሁ ልንገራችሁ፤ ራስል እባላለሁ። ሥራዬ ትንንሽ የብረት ሰዎችን አይቶ አስተያየት መስጠት ነው። የድሮ ዘመን ወታደሮች፣ ገበሬዎች፣ ፈረሰኞች... ቁመታቸው ከአውራ ጣት አይበልጥም። አዲስ ሲወጣ ይላክልኛል። በካሊፐር እለካለሁ፣ በአጉሊ መነጽር አያለሁ፣ ፎቶ አነሳለሁ። ከዚያ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ልክ ኳስ በሚጀመርበት ሰዓት፣ የተሰማኝን እለጥፋለሁ።

አራት ሺህ ሰው ይጠብቀኛል። ዕቃ ከመግዛቱ በፊት "ራስል ምን አለ?" የሚል ሰው ነው።

ይህ ነገር የሰው ልብ ያሳብጣል። የእኔንም አሳበጠው።

ከውጭ የሚያየን ሰው "በመጫወቻ ምን ያጣላል?" ይላል። አያውቀንም። የአንድ ኮት ቁልፍ በግራ ነው በቀኝ ተባብለን ሦስት ሳምንት የምንጨቃጨቅ ሰዎች ነን። በባርኔጣ ጥብጣብ ቀለም የተነሳ የሠርጉን ሚዜ ሰላም የማይል ሰው አለ በማኅበራችን። እየሳቅሁ አይደለም፤ አውቀዋለሁ ሰውየውን።

ዊልፍ ታላንትን ግን ሁሉም ይወዳቸው ነበር።

ዊልፍ ቀራጭ ነበሩ። የሰባ ስድስት ዓመት ሽማግሌ፤ ሜንታ ከረሜላ ከአፋቸው አይጠፋም። ሁለት ቀለም ተቀላቅሎ የሚሠራ፣ ሊጥ የመሰለ አረንጓዴ ነገር አለ። በጥቂት ሰዓት ውስጥ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ከዚያ ላይ ፎርማ ይወጣለታል፣ ብረት ይፈስበታል። እሳቸው ያንን አረንጓዴ ሊጥ በመርፌ ጫፍ ነካ ነካ ሲያደርጉት ሰው ይሆናል።

ብሩሽ አያያዝ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ከኋላዬ ቆመው ቀስ ብለው...

"ጣትህን አታጥብቅ። ቀስ በል። ጣትህ ራሱ ያውቀዋል" ይሉኝ ነበር።

የዛሬ ዓመት ከመንፈቅ፣ ሚያዝያ ላይ አዲስ ሥራ አወጡ። ሥራው እጄ ከመግባቱ አንድ ቀን በፊት ባለቤታቸው ሞሪን ደወሉልኝ። ድምፃቸው አይሰማም።

"ራስል... እኔ ነኝ፣ ሞሪን።"

"ምነው ቀስ ብለው ያወራሉ?"

"ዊልፍ እዚያ ክፍል አለ። እንዳይሰማኝ ነው።"

"ደህና አይደሉም እንዴ?"

"እጁ... ቁርጥማቱ በጣም ብሶበታል። የሸሚዙን ቁልፍ የምቆልፍለት እኔ ነኝ። ይህንንም ሥራ በስንት መከራ ነው የጨረሰው። ለማንም አትንገሪ ብሎኛል። አንተ ግን ስታየው እንድታውቀው ብዬ ነው።"

"እሺ ሞሪን። አይጨነቁ።"

አይጨነቁ ነው ያልኩት። ልብ በሉልኝ።

በማግስቱ ሥራው መጣ። እውነቱን ለመናገር ጥሩ አልነበረም። የብረት ሰዎቹ ፊት ያምራል፤ እጆቻቸው ግን ትልልቅ ናቸው፣ ጣቶቻቸው እርስ በርስ ተጣብቀዋል። ሰው የሆነ ሰው ቢሆን ምን ይላል? "ፊታቸው እንደ ድሮው ያምራል፣ እጃቸው በዚህ ጊዜ ከበድ ብሏል" ብሎ ያልፋል። ከዚያ በላይ ምን አስፈለገ?

እኔ የጻፍኩት ግን ይህንን ነበር።

"ዊልፍ ዘንድሮ ሰው አልቀረጹልንም፣ ሙዝ ነው የሸጡልን። መስመር የለው፣ ጥፍር የለው። የማን እጅ ነው ይህ? ባለቤት የሌላቸው እጆች።"

ለምን ጻፍኩት? ሰው እንደሚስቅ ስለማውቅ ነው። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጣሁ።

ሳቁም። ስድስት መቶ ኮሜንት ገባ። ጓደኛዬ ባዝ የመጀመሪያውን የሳቅ ምልክት ላከልኝ። "ሙዝ ሻጩ" የሚል ስም ወጣላቸው። አንዱ የሳቸውን ፎቶ ከሙዝ ጋሪ ጋር አገጣጥሞ ለጠፈ። እኔም ያንን ወደድኩት፤ ልብ ሰጠሁት።

ግንቦት ላይ ኒውአርክ ከተማ ኤግዚቢሽን ነበር። ዊልፍም እንደ ወትሯቸው ጠረጴዛ ይዘው ሥራቸውን ደርድረዋል። አንድ ሰው ጠረጴዛቸው ላይ አንድ ዘለላ ሙዝ አስቀምጦ ሄደ። ማን እንደሆነ አልታወቀም።

ዊልፍ ሲመለሱ አዩት። ሳቁ። ሰው ሁሉ እያያቸው ስለነበር አንዱን አንስተው ሊልጡት ሞከሩ...

መላጥ አቃታቸው።

ሞሪን ከእጃቸው ወስደው ላጡላቸው።

እኔ ሦስት ጠረጴዛ ራቅ ብዬ ቆሜ እያየሁ ነበር። ግን አልሄድኩም፤ ዞሬ የሌላ ሰው ፈረስ እያየሁ ቆየሁ።

ከዚያ ወዲያ ዊልፍ ሥራ አላወጡም። በተከታዩ የካቲት ሞቱ። ቀብር ሄድኩ። ሞሪንን አቅፌ አጽናናሁ። አንድም ነገር ግን አልተናገርኩም።

እስከዚህ ያለው የእኔ ጥፋት ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ምን እንደሆነ አላውቅም።

*

የዛሬ አራት ሳምንት፣ ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ፖስተኛው አንድ ካርቶን አመጣልኝ። አድራሻው በሞሪን እጅ ጽሑፍ ነው። ከፈትኩት። ሜንታ ሸተተኝ።

በስስ ወረቀት የተጠቀለሉ አምስት የብረት ሰዎች። ከሥራቸው አንዲት ብጣሽ ወረቀት።

"የዊልፍ የመጨረሻ ሥራ ነው። አስተያየትህን ይፈልጋል።"

ይፈልጋል...

"ይፈልግ ነበር" አይልም። ሐዘን ላይ ያለች ሴት የጻፈችው ነው ብዬ አለፍኩት።

በድሮው የእንግሊዝ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ ኒውአርክ ስትከበብ ከተማው ውስጥ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ባልዲ የተሸከመች ሴት። ጠመንጃ የሚያጎርስ ወታደር። ከበሮ መቺ። ዳቦ ደረቱ ላይ ያቀፈ ጋጋሪ። አምስተኛው ጸሐፊ ነው፤ ትንሽ ጠረጴዛ ላይ አጎንብሶ፣ የላባ ብዕር ይዞ ይጽፋል።

ሴትዮዋን አነሳኋት።

ትሞቃለች።

ብረት እጅ ውስጥ ሲቆይ ይሞቃል፤ ያንን አውቃለሁ። ይቺ ግን ገና ሳልነካት ነው የሞቀችው፣ አሁን ከፎርማ የወጣች ይመስል። ካርቶኑን ማሞቂያው አጠገብ አስቀምጬው ስለነበር ነው አልኩ።

አጉሊ መነጽሩን አመጣሁ። እጇን አየሁ...

መዳፏ ላይ መስመር አለ።

ጣቶቿ ላይ ጥፍር አለ። የጣቶቿ ጫፍ ላይ፣ እናንተም እኔም ጣታችን ላይ ያለን ያ ክብ ክብ መስመር አለ።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ያ እጅ ከምስር ፍሬ ያንሳል። እዚያ ላይ መስመር የሚያወጣ መሣሪያ በዓለም ላይ የለም። በጤነኛ እጅ እንኳን አይቻልም። ሙዝ መላጥ ያቃተው ሰው ይህንን እንዴት ሠራው?

የዚያን ዕለት መናገር ነበረብኝ። አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነበር። "ዊልፍ እጃቸውን ታመው ነበር፣ እኔም እያወቅሁ ነው የቀለድኩት።" ይኼው ነው። ጽፌውም ነበር። ከዚያ "ሰው ምን ይለኛል" አልኩና አጠፋሁት።

በሱ ፋንታ ሙገሳ ደረደርኩ። እንዲያውም አምስቱን ለአምስት ሳምንት ከፋፈልኳቸው፣ ሰው እየጠበቀ እንዲቆይ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሴትዮዋን ለጠፍኩ።

ወዲያው ኮሜንቱ ወረደ።

"ነፍሳቸውን ይማር። ጉድ ነው እጁ!"

"ቀሚሷ ለዘመኑ ትንሽ አጠር አላለም?"

"ሙዝ ሻጩ ቢዘገዩም ተሻሽለዋል።"

ለዚህኛው መልስ አልሰጠሁም። ስልኬን አስቀምጬ ወደ ጠረጴዛው ዞርኩ።

ሴትዮዋ እጅ የላትም።

ባልዲው እንዳለ አለ። ማንም ሳይዘው ቀሚሷ ላይ ተንጠልጥሏል። ክንዶቿ አንጓ ላይ ሲደርሱ ያበቃሉ። ስብራት የለም፣ የሞረድ ምልክት የለም። ሲፈጥራት እንደዚያ ያደረጋት ይመስላል።

ተንበረከክሁ። በዚህ ሥራ ያለ ሰው ሁሉ በባትሪ ምንጣፍ ላይ ትንሽ ነገር ፈልጎ ያውቃል። የምንጣፍ መጥረጊያ ማሽኑን አፍ በካልሲ ሸፍኜ ክፍሉን በሙሉ ሳብኩት። ከዓመታት በፊት የጠፋ ሰይፍ አገኘሁ። ሁለት ጭንቅላት አገኘሁ።

እጅ አላገኘሁም።

ባዝን ጠራሁት። ሁለት ቤት አልፎ ነው የሚኖረው፤ ሳንድዊቹን እየበላ መጣ።

"ሰብረኸው ነው" አለ።

"አልሰበርኩም።"

"እንግዲያው ዝንጀሮ በላው። ሙዝ አይደል?"

አልሳቅሁም። እሱም አለመሳቄን ሲያይ ሳንድዊቹን አስቀመጠና በአጉሊ መነጽር አያት። ገለበጣት፣ እንደገና አያት።

"አንተ ሰውዬ... ይቺ መጀመሪያውኑ እጅ አልነበራትም።"

"ፎቶውን እየው።"

ስልኬን በግራ አውራ ጣቴ ከፈትኩ። እዚያ ጣት ላይ የቢላ ጠባሳ አለኝ፤ ይህንን ሥራ የሚሠራ ሁሉ አንድ አለው። ስልኬ ያንን ጠባሳ ለምዶታል፤ በሌላ ጣት አይከፈትም። ፎቶውን አሳየሁት። ባልዲውን የያዙ ሁለት እጆች ቁልጭ ብለው ይታያሉ።

ባዝ ሴትዮዋን አስቀመጣትና መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገ።

"ትሞቃለች እኮ..." አለ ቀስ ብሎ።

"አውቃለሁ።"

"ለሞሪን መልስላቸው።"

"ምን ብዬ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ። ብቻ እዚህ ቤት አታስቀምጠው።"

ሳንድዊቹን ሳይጨርስ ሄደ።

በሁለተኛው ቅዳሜ ወታደሩን ለጠፍኩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እጆቹ ጠፉ። ጠመንጃው ደረቱ ፊት ለፊት ብቻውን ቆሟል።

በሦስተኛው ቅዳሜ ከበሮ መቺውን የማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ ከትቼ ክዳኑን ጠበቅ አድርጌ ዘጋሁት። ጽሑፉን ለጠፍኩና ዓይኔን ሳልነቅል አየዋለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ስልኬ ጮኸ፤ የመጀመሪያው ኮሜንት ነው። ዓይኔ ወደዚያ ዞር አለ፣ ለአንዲት ቅጽበት...

ስመለስ ዱላዎቹ ከበሮው ላይ ተጋድመዋል። የያዛቸው የለም።

ጠርሙሱ እንደተዘጋ ነው። ክዳኑ ይሞቃል።

በየሳምንቱ ያችን ዐረፍተ ነገር እጽፋታለሁ። በየሳምንቱ ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ሲል አጠፋታለሁ። አራት ሺህ ሰው "አንተ ምን ዓይነት ሰው ነህ?" ሲለኝ ይሰማኛል። ያንን ከምሰማ የብረት ሰው እጅ ይጥፋ አልኩ በልቤ። እንደዚህ ነበር ያሰብኩት፤ አልደብቃችሁም።

በአራተኛው ቅዳሜ ጋጋሪው እጁን አጣ። ዳቦው ደረቱ ላይ ተለጥፎ ቀረ።

በማግስቱ እሑድ ረፋዱ ላይ እዚሁ አጠገባችን ቢስተን፣ ሞሪን ቤት ሄድኩ።

*

"ግባ ልጄ። ውሃው ፈልቷል" አሉኝ ሞሪን፣ እንደምመጣ የሚያውቁ ይመስል።

ሳሎን ተቀመጥን። ሻይ በወተት አድርገው ሰጡኝ። የዊልፍ መሥሪያ ጠረጴዛ መስኮቱ ሥር እንዳለ ነው፤ መርፌዎቹ ተደርድረዋል፣ አቧራ የለበትም።

"ሞሪን፣ ዕቃውን ስለላኩልኝ..."

"እሱ ነው ያስላከኝ። ሳይሞት በፊት፣ በገና በዓል ሰሞን አድራሻህን ካርቶኑ ላይ አጻፈኝ። ወረቀቷንም ያጻፈኝ እሱ ነው። 'በጥቅምት ላኪለት' አለኝ።"

"ለምን በጥቅምት?"

"አልነገረኝም።"

"ሞሪን... እንዴት ቀረጿቸው? እጃቸው እኮ..."

ሞሪን ወደ ጠረጴዛው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"እኔም አላውቅም። በሩን ዘግቶ ይቀመጥ ነበር። ሲያወራ እሰማዋለሁ። 'ጣትህን አታጥብቅ፣ ቀስ በል' ይላል፣ ሰው እንደሚያስተምር። እንግዳ መጥቶ ይሆን እያልኩ ስከፍት..."

"እሺ?"

"ብቻውን ነው። እጆቹ ጉልበቱ ላይ ናቸው።"

የሻይ ኩባያዬን አስቀመጥኩት። ከዚያ በላይ በሆዴ መያዝ አልቻልኩም።

"ሞሪን፣ እኔ አውቄ ነበር። ደውለው ነግረውኝ ነበር። እያወቅሁ ነው የጻፍኩት።"

ሞሪን ሻያቸውን ማማሰል አላቆሙም።

"እሱም ያውቅ ነበር" አሉ።

"ምኑን?"

"መደወሌን። ጽሑፍህ የወጣ ዕለት ነገርኩት፤ አልቅሼ ነው የነገርኩት። እሱ ግን አልተቆጣም። 'ተዪው፣ ራሱ ይናገራል' አለኝ።"

ሞሪን ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

"ከዚያማ ጠበቀህ። ቅዳሜ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ሲል እዚህች ወንበር ላይ ይቀመጣል። ጽሑፍህን አነብለታለሁ። 'ዛሬም የለም?' ይለኛል። 'ዛሬም የለም' እለዋለሁ። እስኪሞት ድረስ አንድ ቅዳሜ አላለፈውም።"

አለቀስኩ። በሃምሳ ሁለት ዓመቴ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ሞሪን አላጽናኑኝም፤ ማጽናናትም አልነበረባቸውም።

ከዚያ ተነሥተው የሜንታ ከረሜላ ቆርቆሮ አመጡ።

"እነዚህን የምትልክልኝ አንተ ነህ?" አሉኝና ክዳኑን ከፈቱት።

እጆች ናቸው።

ከምስር ፍሬ ያነሱ የብረት እጆች። ቆጠርኳቸው፤ ስምንት ናቸው።

"ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ይጨመራል" አሉ በሹክሹክታ። "በፖስታ የመጣ ነገር የለም። ስከፍተው አገኛቸዋለሁ።"

አንዱን በጣቴ ጫፍ ነካሁት። ይሞቃል።

ስወጣ በር ላይ ክንዴን ያዙኝ።

"ራስል። ለእኔ ነገርከኝ፤ እኔማ ድሮም አውቀው ነበር። ለእነሱ ንገር። ሳታስቀር ንገር።"

ይኸው ነገርኳችሁ።

ዊልፍ ታላንት እጃቸውን ታመው ነበር። እኔ አውቅ ነበር። ለሳቅ ብዬ ሸጥኳቸው። ይቅርታ የምለው እሳቸው በሌሉበት ነው፤ ያውም ፈርቼ እንጂ ጨዋ ሆኜ አይደለም።

ሰዓቱ ስምንት ከሃምሳ ነው። ጸሐፊው ፊቴ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሶ ተቀምጧል። ሁለቱም እጆቹ አሉ። ልለጥፈው ነው።

*

ከላይ ያለው ወጥቷል። ይህንን ከሥሩ በኮምፒውተሩ እየጨመርኩ ነው።

ኮሜንት እየገባ ነው። ባዝ "ወንድሜ፣ እኔ አላወቅሁም ነበር" ብሏል። አንዱ "ለምን ዛሬ? ለምን በሕይወት እያሉ አልሆነም?" ይላል፤ ልክ ነው። ሌላው "ሙዝ ሻጩ ካሉት ውስጥ እኔም ነበርኩ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ" ይላል። ስድብም አለ። ይገባኛል።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ።

ጸሐፊውን እያየሁት ነው። ዓይኔን አላነሳሁም...

እጆቹ አሉ።

ሁለቱም አሉ። ብዕሩን እንደያዘ ነው። ተመስገን አልኩ። ከዓመት ከምናምን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሼ ሆዴ ድረስ ገባ።

የቤት ስልኩ ጮኸ። ሞሪን ናቸው። ዘጠኝ ከሁለት ነው።

"ራስል..." ድምፃቸው አይሰማም። ልክ እንደዚያን ጊዜው ነው።

"ሞሪን፣ ተናገርኩ። አነበቡት?"

"አነበብኩት... ቆርቆሮው ውስጥ ሁለት ተጨምሯል።"

"አይሆንም። የጸሐፊው እጆች እዚህ አሉ። እያየኋቸው ነው።"

"ብረት አይደሉም።"

"ምንድን ናቸው?"

"አረንጓዴ ናቸው። ሊጡ ነው። ገና አልደረቀም፣ ስነካው ጣቴ ሰመጠበት።"

ሲተነፍሱ ይሰማኛል።

"ራስል... የግራው አውራ ጣት ላይ ቢላ የቆረጠው ነገር አለ።"

ስልኩ ተቋረጠ።

የጻፍኩትን ከላይ ጀምሬ እንደገና አነበብኩት። "አንድ ቃልም አልቀነስኩበትም" ብያለሁ።

ቀንሻለሁ።

"አንድ ሰው ሙዝ አስቀምጦ ሄደ፣ ማን እንደሆነ አልታወቀም" ብያለሁ። እኔ ነኝ። ጠዋት ወደ ኒውአርክ ስነዳ ነዳጅ ማደያ ቆሜ ገዛሁት። ዊልፍ መጸዳጃ ቤት ሲሄዱ፣ ሞሪን ሻይ ሊያመጡ ሲነሡ ጠበቅሁና አስቀመጥኩት። ባዝም አያውቅም። ማንም አያውቅም። ዛሬም ይህንን ስጽፍ እዚያች ቦታ ላይ ስደርስ ጣቴ ቆመ፤ "ይህችን እንኳን ልተዋት" አልኩ።

አሁን ተናገርኩ። የቀረ የለም።

ሰዓቱ ግን ዘጠኝ ከአምስት ነው።

ሞሪን መልሰው አያነሱም፤ ከቤት ስልኬ ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። ባዝ እንዲመጣልኝ ልደውልለት የእጅ ስልኬን አነሳሁ። አውራ ጣቴን አስቀመጥኩበት።

አልከፈተም።

ላብ ይሆናል ብዬ ጣቴን ሱሪዬ ላይ ጠረግኩት። እንደገና አስቀመጥኩት።

አልከፈተም።

ጣቴን አጉሊ መነጽሩ ሥር አደረግኩት።

ጠባሳው የለም። ያ ክብ ክብ መስመርም የለም። ጣቴ ከጫፍ እስከ ሥሩ ልሙጥ ነው። ጥፍሩ ከሥጋው ጋር አንድ ሆኗል፣ የት ላይ እንደሚጀምር አይታወቅም። አጠገቡ ያለውን ጣት ላላቅቀው ሞከርኩ...

ስልኩ "ጣትዎ አልታወቀም፣ እንደገና ይሞክሩ" ይላል።

እንደገና ሞከርኩ።